የሚሳይል ጀልባዎቹ ታሪክ ለአዲሱ ባሕር ኃይል ያለው ትምህርት

ጎንደር፦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው የጎንደር ከተማ ተቀምጦ ስለ ጦር ጀልባ ማውሳት ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። የከተማይቱ ታሪክ የሚመሰክረው ግን ተቃራኒውን ነው። ጎንደር የመንግሥት መናገሻ በነበረችባቸው ዘመናት ከዋነኞቹ የውጭ በሮቿ አንዱ ምፅዋ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1769 ምፅዋ ወርዶ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ በየካቲት 1770 ነው። ምፅዋ እ.ኤ.አ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ ሥር በመውደቋ ግን የደጋው መንግሥት የውጭ ንግድም ሆነ የጦር መሣሪያ አቅርቦት በሌላ ወገን ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የቋራው ተወላጅ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ የቱርኮችን ጉዳይ ማንሳታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በኋላም በእርሳቸው ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ያቀናው ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ነው።

ይህ ጥገኝነት መልኩን ቀይሮ ዛሬም አለ። ለወገራ፣ ለዳባትና ለደባርቅ አርሶ አደሮች የሚቀርበው የአፈር ማዳበሪያ በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ ከዚያም በየብስ ተጓጉዞ የሚደርስ ነው። ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ ወደብ በኩል ይስተናገዳል። ወደ ወደቡ የሚመጡት መርከቦች የኤደን ባሕረ ሰላጤን ወይም የባብ ኤል መንደብን የባሕር ወሽመጥ ማለፍ ግድ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ በከፈቱት ጥቃት የበርካታ የመርከብ ኩባንያዎች መስመር መስተጓጎሉም የጉዳዩን ክብደት በግልጽ ያሳየ ነው።

ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ባሕር ኃይሏን መልሳ ለማደራጀት ተነስታለች። እንዲህ ያለ ዕቅድ በተነሳ ቁጥር ብዙዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ዓይነት መርከብ ይገዛ?» የሚል ነው። አገሪቱ ከዚህ ቀደም በሚሳይል ጀልባዎች ያለፈችበት ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ይህ ጥያቄ መቅደም ያለበት እንዳልሆነ መገንዘብ ይቻላል።

ትንሿ ጀልባ ትልቁን መርከብ ስትጥል

የሚሳይል ጀልባ ሐሳብ የመነጨው እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ነው። ሶቪየት ኅብረት ከምዕራባውያን ግዙፍ መርከቦች ጋር በቁጥርም በገንዘብም መወዳደር ባለመቻሏ፣ በዝቅተኛ ወጪ በብዛት የሚሠሩና ከባድ ሚሳይል የሚሸከሙ ፈጣን ጀልባዎችን መረጠች። መጀመሪያ «ኮማር» የተባሉት ትናንሽ ጀልባዎች ተሠሩ። እ.ኤ.አ በ1960 ደግሞ ተለቅ ያሉት፣ በሶቪየቶች «ፕሮጀክት 205»፣ በሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት አጠራር «ኦሳ» የሚባሉት አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። ኮማር ማለት የወባ ትንኝ፣ ኦሳ ማለት ደግሞ ተርብ ማለት ሲሆን፣ ስያሜው መጠናቸው ትንሽ፣ ንክሻቸው ብርቱ መሆኑን የሚያመለክት ነው።

የተሻሻለው «ኦሳ ሁለት» 39 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከ200 ቶን ጥቂት የሚበልጥ ክብደትና ወደ 30 የሚጠጉ ባሕርተኞች ነበሩት። አራት «ተርሚት» የተባሉ ሚሳይሎችንና ሁለት ባለ መንታ አፈሙዝ 30 ሚሊ ሜትር መድፎችን የታጠቀ ሲሆን፣ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ ነበር። እያንዳንዱ ሚሳይል ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ሲሆን፣ የተሻሻለው ዓይነት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ይወነጨፋል።

የዓለምን ትኩረት የሳበው ክስተት የተፈጸመው እ.ኤ.አ ጥቅምት 21 ቀን 1967 ነው። በዚህ ቀን ከፖርት ሰይድ ወደብ የተተኮሱ የግብፅ ኮማር ጀልባዎች ሚሳይሎች «ኤላት» የተባለችውን የእስራኤል የጦር መርከብ አሰጠሙ፤ 47 ባሕርተኞችም ሞቱ። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1971 የሕንድ ኦሳ ጀልባዎች በሌሊት ካራቺን አጥቅተው የፓኪስታን የጦር መርከቦችን አሰጥመዋል። በዚህ ዘመቻ ጀልባዎቹ ብቻቸውን አልተሰማሩም፤ የተሻለ ራዳር ያላቸው፣ «ፔትያ» የተባሉ ሌሎች መርከቦች አጅበዋቸው ነበር። የድሉ አንዱ ምሥጢርም ይህ ቅንጅት ነው።

እ.ኤ.አ በጥቅምት 1973 በላታኪያ ባሕር ዳርቻ በተካሄደው ውጊያ ሚዛኑ ተገለበጠ። የሶሪያ ሚሳይሎች ከእስራኤል ሚሳይሎች የበለጠ ርቀት ይወነጨፉ የነበረ ቢሆንም፣ እስራኤላውያኑ ባዘጋጁት የኤሌክትሮኒክስ ማደናገሪያ ዒላማቸውን ስተው አምስት የሶሪያ መርከቦች ወደሙ፤ ከእስራኤል ወገን አንድም መርከብ አልሰጠመም። እ.ኤ.አ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ደግሞ የኢራቅ ሚሳይል ጀልባዎች ከሄሊኮፕተር በተተኮሱ ሚሳይሎች በቀላሉ ተመትተዋል። ከነዚህ ሁሉ ውጊያዎች የሚወሰደው ድምዳሜ አንድ ነው። የጀልባዋ ጉልበት በተሸከመችው ሚሳይል ብቻ የሚለካ ሳይሆን፣ ከበስተኋላዋ ባለው ወደብ፣ በሚያይላት ራዳር፣ ከአየር በሚከላከልላት ኃይልና በሰው ኃይሏ ብቃት የሚወሰን ነው።

ጀልባዎቹ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ እ.ኤ.አ በ1955 ነው። ዋና የጦር ሰፈሩ ምፅዋ ሲሆን፣ በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብም የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና አገልግላለች። በዚህ ዘመን ባሕር ኃይሉ ጥቂት መርከቦች ብቻ ቢኖሩትም፣ ከመርከብ ግዢ ይልቅ ለሰው ግንባታ ቅድሚያ የሰጠ እንደነበር ልብ ሊባል ይገባል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም የተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የመሣሪያ ምንጩን ለወጠው። ሶቪየት ኅብረት ቀድሞ የሶማሊያ አስታጣቂ ስትሆን፣ በበርበራም የሚሳይል ማከማቻን ጨምሮ የጦር ሰፈር ነበራት። በ1970 ዓ.ም መጀመሪያ ከሶማሊያ ስትባረር ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ አዞረች፤ በዳህላክ ደሴቶችም በኖክራ የባሕር ኃይል ሰፈር አገኘች። እ.ኤ.አ ከ1978 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታትም ኢትዮጵያ ኦሳ ሁለት ሚሳይል ጀልባዎችን፣ የቶርፔዶ ጀልባዎችን፣ የማረፊያ መርከቦችንና እ.ኤ.አ በ1983 እና በ1984 ሁለት ፔትያ የጦር መርከቦችን ከሶቪየት ኅብረት ተረከበች። በዚህም ካራቺን ያጠቁት የኦሳና የፔትያ ዓይነት መርከቦች በአንድነት በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰለፉ።

ይሁንና መሣሪያውና ጦርነቱ አልተገናኙም። ተርሚት ሚሳይል የተፈጠረው በሰፊ ባሕር ላይ የሚንቀሳቀስን ትልቅ መርከብ ለማስጠም ነው። በወቅቱ ባሕር ኃይሉን የገጠመው የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ ወይም ሻዕቢያ ግን የሚሰጥም ትልቅ መርከብ አልነበረውም፤ ጦርነቱ የየብስ ጦርነት ነበር፤ በባሕር የሚንቀሳቀሰውም በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነበር። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው ሚሳይል በእንጨት ሳንቡክ ወይም በትንሽ ጀልባ ላይ የሚተኮስ አይደለም። በመሆኑም የጀልባዎቹ ዋነኛ መሣሪያ ተገቢው ዒላማ ሳይኖረው ቀረ።

ሁለተኛው ችግር የጥገና ነው። ኦሳ ሁለት እያንዳንዳቸው 56 ሲሊንደር ያላቸው ሦስት የናፍጣ ሞተሮች ነበሩት። እንዲህ ያለው ሞተር ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ውስብስብ፣ ነዳጅ የሚፈጅና በየጊዜው ሙሉ እድሳት የሚሻ ነው። የቀይ ባሕር ሙቀትና ጨዋማ አየር ደግሞ ጫናውን ያከብደዋል። መለዋወጫውም ሚሳይሉም ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚመጣ በመሆኑ፣ የጀልባዎቹ ዕድሜ ከአቅራቢው ዕድሜ ጋር የተሳሰረ ሆነ። ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአንድ ጊዜ ግዢ የመጣ ትራክተር ወይም የውኃ ፓምፕ መለዋወጫና ባለሙያ አጥቶ በግቢ ውስጥ ቆሞ ሲቀር ያልተመለከተ ጥቂት ነው።

ወደብ ሲጠፋ

በየካቲት 1982 ዓ.ም ሻዕቢያ ምፅዋን ሲይዝ ባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ። ወደቡ የተወሰደው በዋነኛነት ከየብስ በኩል በመጣ ኃይል ነው፤ ወደ ባሕር የተነጣጠረ ሚሳይል ከጀርባ ለመጣው ታንክ መልስ ሊሆን አልቻለም። የቀሩት መርከቦች በአሰብ ተወስነው ቆዩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም አሰብም ሲወድቅ፣ መንቀሳቀስ የቻሉት ባሕርተኞቻቸውን ይዘው አብዛኞቹ ወደ የመን፣ የተወሰኑት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አቀኑ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም ኤርትራ ነፃነቷን ስታውጅ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ አገር ሆነች። የመን የነበሩት መርከቦች እ.ኤ.አ በ1993 አገሪቱን እንዲለቁ ተደረገ፤ መጓዝ የቻሉት ጥቂቶች ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ግን እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በጅቡቲ የቀሩትም የወደብ ክፍያ ተጠራቅሞባቸው በመስከረም 1989 ዓ.ም በጨረታ ተሸጡ። ከአርባ ዓመታት በላይ የተገነባው ተቋም የተዘጋው በባሕር ላይ ውጊያ ተሸንፎ ሳይሆን፣ መልሕቁን የሚጥልበት የራሱ ወደብ አጥቶና የወደብ ዕዳ መክፈል ተስኖት ነው።

ከመርከብ በፊት መቅደም ያለበት

ከ2010 ዓ.ም ወዲህ የተወሰዱት እርምጃዎች ከዚህ ታሪክ አኳያ ሊመዘኑ ይገባል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር ባሕር ኃይሉን ለማደራጀት የሚረዳ የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈርሟል። ይሁንና በሰሜኑ ጦርነት ወቅት እ.ኤ.አ በ2021 ይኸው ትብብር መታገዱ በዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ተዘግቧል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ ከዚያም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ከሶማሊያ ጋር የተደረሰበት የአንካራ መግለጫ የባሕር በር ጥያቄን በዲፕሎማሲ መድረክ ከፍ አድርገውታል። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት የወደቡ ጉዳይ በሕጋዊና አስተማማኝ መንገድ ሳይቋጭ የጦር መርከብ መግዛት ዳግመኛ ለባዕድ ወደብ ኪራይ መጋለጥ መሆኑን ነው።

የመሣሪያው ዓለምም ተለውጧል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2024 መባቻ የዩክሬን ሰው አልባ የባሕር ጀልባዎች «ኢቫኖቬትስ» የተባለችውን የሩሲያ ሚሳይል መርከብ በክራይሚያ አስጥመዋል። ቀድሞ ትልቁን መርከብ ያስፈራ የነበረው ሚሳይል ተሸካሚ ዛሬ ከእርሱ በእጅጉ ያነሰና የረከሰ መሣሪያ ሰለባ ሆኗል። ሁቲዎች በበኩላቸው ትልቅ ባሕር ኃይል ሳይኖራቸው ከየብስ በሚተኩሱት ሚሳይልና ሰው አልባ አውሮፕላን የቀይ ባሕርን ንግድ አውከዋል። ስለዚህ የትናንቱን መሣሪያ ስም እየጠሩ ግዢ ማቀድ ከዘመኑ ወደ ኋላ መቅረት ይሆናል።

ቀድሞ ሊሠራ የሚችልና የማይባክን ሥራ ግን አለ። እርሱም የሰው ኃይል ግንባታ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የማሪታይም አካዳሚ የምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ በማሠልጠን በዓለም አቀፍ የንግድ መርከቦች ላይ እንዲሠሩ ሲያሰማራ ቆይቷል። የመርከብ ሞተር፣ ኤሌክትሪክና የመገናኛ መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ በሰላም ጊዜ ለአገሪቱ የንግድ መርከቦች የሚሠራ፣ ባሕር ኃይሉ ሲያስፈልገው ደግሞ በእጅ ያለ ሀብት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በደጋው የሚገኙ የቴክኖሎጂ ተቋማት ለዚህ ዘርፍ ብቁ ተማሪዎችን ማዘጋጀት የሚችሉበት ዕድልም ሰፊ ነው። ባሕር የሌለው አካባቢ የባሕር ባለሙያ ሊያፈራ እንደሚችል ከጣና ዳር ያለው ልምድ አረጋግጧል።

በመሆኑም በዕቅድ፣ በበጀትና በውጭ ግንኙነት ሥራ ላይ የተሰማሩ ኃላፊዎች ከየትኛውም የመርከብ ግዢ ውሳኔ በፊት አራት ጥያቄዎችን ማንሳት ይጠበቅባቸዋል። መርከቡ የሚያርፍበት ወደብ በሕግ የተረጋገጠ ነውን? የሚጠግነው ባለሙያና የጥገና ሥፍራ በአገር ልጅ እጅ ነውን? የመለዋወጫና የነዳጅ ወጪው እስከ አገልግሎት ዘመኑ ፍጻሜ ተሰልቷልን? አንዱ አቅራቢ ፊቱን ቢያዞር ሌላ አማራጭ አለን? አራቱም የኦሳ ጀልባዎች ወደ ምፅዋ በመጡ ጊዜ በቂ መልስ ያልተሰጣቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ ቀድመው ከተመለሱ ለአርሶ አደሩ ማዳበሪያ የሚያመጣው የባሕር መስመር አስተማማኝ ጠባቂ ሊያገኝ ይችላል፤ ካልተመለሱ ግን በ1989 ዓ.ም በጅቡቲ የተካሄደው ጨረታ የመጨረሻው ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይኖርም።