ሬሳው ሳይነሣ

የሜይንን ሞት ለጦርነት ላዋላችሁ፣ ለካፒቴን ዊልያም ሳምፕሰንና ለአቶ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት፦

ሁለታችሁም አፈር ከለበሳችሁ ቆይቷል። እኔ ግን ሐዘኑ አልወጣልኝም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1898 ምሽት ሃቫና ወደብ በቆመችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሜይን ላይ የመኝታ ጥሩምባ ተነፍቶ ነበር። አብዛኞቹ መርከበኞች በመርከቧ የፊት ክፍል ተኝተዋል። አዛዡ ቻርልስ ሲግስቢ ለቤተሰቡ የጻፈውን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ እየከተተ ነው። 3 ሰዓት ከ40 ላይ ሜይን ፈነዳች። ከ260 በላይ ሰው አለቀ። ጀልባ ቀዝፈው ቁስለኞቹን ከውሃ ካወጡት መካከል የስፔኗ መርከብ የአልፎንሶ 12ኛ ባሕረኞች ነበሩበት።

ሲግስቢ በዚያው ሌሊት በላከው ቴሌግራም፣ ነገሩ እስኪጣራ ሕዝቡ ፍርዱን እንዲያቆይ ለመነ። አቶ ኸርስት፣ ሬሳው ከባሕሩ ወጥቶ ሳያልቅ ጋዜጣዎ የጠላት እጅ ነው ብሎ አወጣ፤ አጥፊውን ለጠቆመም 50,000 ዶላር አቀረበ። ለቅሶ የተቀመጠውን ሕዝብ ለደም አስነሡት።

ካፒቴን ሳምፕሰን፣ በእርስዎ ግን ይብስብኛል። የፍንዳታው መርማሪ ቡድን መሪ ነበሩ። የድንጋይ ከሰሉን ክፍል ከጥይት ግምጃ ቤቱ የለየው ስስ የብረት ግድግዳ ነበር፤ ያ ከሰል ደግሞ በራሱ ጊዜ ግሎ እንደሚቀጣጠል በሌሎች መርከቦች ታይቷል። የባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ ሊቅ ፊሊፕ አልጀር ጥርጣሬውን በጋዜጣ ተናግሯል። ለምስክርነት አልጠራችሁትም። የባሕር ፈንጂ ነው አላችሁ፤ ማን እንዳጠመደው ግን መናገር አልቻላችሁም። ብዙም ሳይቆይ በስፔን ላይ ጦርነት ታወጀ።

በስፔን አገዛዝ ሥር የነበረው የኩባ ሕዝብ መከራ እውነት ነበር። የስፔኑ ጄኔራል ዌይለር ከመንደሩ ነቅሎ ያጎረው ገበሬ በረሃብና በበሽታ ረግፏል። ለእሱ መዋጋት ካሻችሁ በእሱ ስም በተዋጋችሁ! በጁላይ 3 ሳንቲያጎ ደ ኩባ ላይ እርስዎ የሚያዝዙት የጦር መርከብ ጓድ የስፔንን መርከቦች ሲያወድም ከ300 በላይ የስፔን ባሕረኛ ሞተ። እነሱም እናት ነበራቸው።

አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ከባለሙያዎች ጋር ማስረጃውን እንደገና መርምረው እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱን አሳተሙ። ፍንዳታው ከውስጥ ነው፣ መነሻውም የከሰል እሳት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሲግስቢ የለመነው ትንሽ ጊዜ ነበር፤ ይህ እስኪሰማ 78 ዓመት አለፈ። ከሜይን ልጆች እናቶች ለዚያ ቀን የደረሰች አንድም የለች። ልጅሽን ስፔን ገደለችብሽ እንዳላችኋት ተቀበረች።