የእማዬን ቁጥር በቃል

ባለቤቴ ለሥራ ስብሰባ ወደ ባርባዶስ ሲላክ እኔና ሁለቱ ልጆቻችን የዓመት ዕረፍቴን አያይዘን ተከተልነው። እማዬ ደም ግፊት ስላለባት ሻንጣ ከመዝጋታችን በፊት አንድ ቃል ገባሁላት፦ ሳትተኛ በየቀኑ ልደውልላት። እንደማውራቱ ቀላል አልሆነም። ባርባዶስ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እማዬ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋዋ ላይ ስትወጣ እዚያ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ምሳችሁን በልታችሁ ትንሽ ከዘገያችሁ አለፈ ማለት ነው።

ባለቤቴ መኪና እንከራይ ብሎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ከዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ሲወጣ ደግሞ መንገዱ ጠባብ፣ ብዙ ቦታ የእግረኛ መሄጃ የሌለው ነው። ደሴቲቱም ርዝመቷ 34፣ ስፋቷ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንኳ ይርቃል። በአውቶቡስ እንሂድ አልኩ።

አውቶቡሱን ልጆቹ ወደዱት። የመንግሥቱ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር አለው። የግሉ ሚኒባስ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ መስመር። ሦስተኛው ነጭ ቫን ነው፤ በሰሌዳው ፊደል «ዜድ አር» ይሉታል። ሙዚቃው ጣሪያ የሚነቅል፣ «ጠጋ በሉ» የማያልቅበት፣ የእኛን ሰፈር ታክሲ የሚያስናፍቅ። ቅርብም ሂዱ ሩቅ ዋጋው አንድ ነው፤ 3.50 የባርባዶስ ዶላር፣ ማለትም 1.75 የአሜሪካን ዶላር። በመንግሥቱ አውቶቡስ መልስ ስለማይሰጥ ዝርዝር መያዝ ግድ ነው። ሰው ሲሳፈር ደግሞ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ነው የሚገባው። ዝም ብላችሁ ከገባችሁ ያልተማራችሁ ትመስላላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ስብሰባው ላይ ሳለ ልጆቹን ይዤ ከዋና ከተማዋ ከብሪጅታውን ወደ ባትሼባ ወጣሁ። ምሥራቃዊው የአትላንቲክ ዳርቻ ነው፤ ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ አይዋኝበትም፣ ትልልቆቹ ዓለቶች ግን ቁጭ ብሎ ለማየት ይበቃሉ። 6 ሰዓት ላይ ለመመለስ መንገድ ዳር ቆምን። አንድ አውቶቡስ ከማዶ በኩል አለፈ። ዝም አልኩ፤ የእኛ መስሎ አልታየኝማ! ብዙ ቆይቶ ሌላ አለፈ፤ አሁንም ከማዶ። በአገሬ ልማድ በቀኝ በኩል መቆሜን ያሳዩኝ አንዲት እናት ናቸው፤ የማቆሚያውን ምልክት በጣታቸው ጠቆሙኝ። በእኛ በኩል «ከከተማ ውጭ» ይላል፣ በማዶው «ወደ ከተማ»። ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር፣ አላነበብኩትም።

ሰዓቴን ሳይ 8 ሊሆን ነው። ስልኬ ደግሞ ሞቷል። የባርባዶስ ሶኬት ጠፍጣፋ ጥርስ የሚቀበል ነው፤ ይዘን የሄድነው አዳፕተር አንድ ብቻ ስለነበር ሌሊቱን የልጆቹ ታብሌት ሲሞላበት አድሯል። ሴትዮዋ ሁኔታዬን አይተው የራሳቸውን ስልክ ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ፣ 251 ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። የእናቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። ስንት ዓመት ስሟን ስነካ ኖሬ!

ማረፊያችን ስንደርስ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ስልኬ ሲበራ 11 ያመለጡ ጥሪዎች ተደረደሩ። ደወልኩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። አልተቆጣችም። «ልጆቹ በሉ?» ብቻ አለችኝ። ያ ከቁጣ የባሰ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን መውሰዷን ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች፤ እኔን ስትጠብቅ ረስታው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ፓስፖርቴን ይዤ የአገሩን ሲም ካርድ ገዛሁ። እስከዚያ በማረፊያው ዋይፋይ ብቻ እንኖራለን ብዬ የቆጠብኩት ገንዘብ ነበር። ሁለተኛ አዳፕተርም ተጨመረ። መንገድ ስንሻገር ደግሞ ልጆቹ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እንዲያዩ ከእጃቸው ጋር እየጎተትኩ አስለመድኳቸው፤ ታናሽየው እስከ መጨረሻው ቀን ይሳሳት ነበር፣ እጁን አልለቀቅኩም።

ባሳፈረን አውቶቡስ ሁሉ ውስጥ ቁጥሯን እየደጋገምን ሄድን። ታናሽየው በዜማ አደረገው። አንድ ቀን ቫኑ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲለው ከፊት የተቀመጠ ተማሪ ቃሉ ሳይገባው ዜማውን ተቀበለው። ሳቁ ሳያባራ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆነ፤ ደወልኩላት።