ካርቱን ማየት ብቻ ሳይሆን ማንበብም ይለመድ



ይህ አሳቤ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ የታሪክ ጥናቱን ይዞ ቤቴ መጣ። የታዘዘው ስለ ኢምፔሪያሊዝም የተሣለ ካርቱን እንዲተረጉም ነው። ሥዕሉ ፓንች የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1885 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፣ ሴሲል ሮድስ አንድ እግሩን ካይሮ፣ ሌላውን ደቡብ አፍሪቃ ተክሎ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ በሁለት እጁ የቴሌግራፍ ሽቦ ዘርግቶ ይታያል። ልጁም «አፍሪቃን ያሠለጠነ ታላቅ ሰው» ብሎ ጽፏል። ልቆጣው አሰብሁና ተውሁት፤ እኔም በተማሪነቴ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝምና።

ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዤው ሄድሁ። በቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቈጠሩ አያቶቻችን ይህን ያውቁ ስለ ነበር፣ ሠዓሊው ማንን እንደ ወደደ ማንን እንደ ጠላ ጠያቂ አያሻቸውም ነበር። ካርቱንም የሚነበበው እንዲሁ ነው፤ ማን ገዝፎ፣ ማን አንሶ እንደ ተሣለ፣ ማንስ ጨርሶ እንደ ቀረ ማየት ነው። ልጁ ወደ ሮድስ ሥዕል ተመልሶ ጥቂት ካየ በኋላ «ጋሼ፣ መሬቱ ላይ እኮ ሰው የለም!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከእግሩ ሥር ያለው አፍሪቃ ባዶ ካርታ ነው። ሦስት ዓመት ቈይቶ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ከዚያ ባዶ ካርታ ላይ ሰው መኖሩ ዐድዋ ላይ ታየ።

ወዳጅ የሚመስል ካርቱንም አለ። በርናርድ ፓርትሪጅ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. በዚያው መጽሔት በሣለው ላይ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ጦርነት ብታነሣ ምናልባት ለስለስ ያለ የቅሬታ ጽሑፍ በኅብረት እናወጣብሃለን ይሉታል። ነገሩ ስለ መርከብና ስለ ወታደር ብዛት በሚፎክር አሮጌ የእንግሊዝ ዘፈን ላይ የተቀለደ ስለ ሆነ፣ ዘፈኑን ያላወቀ አይሥቅም። ፌዙ ትክክል ነበር፤ በመስከረም ኢጣልያ መረብን ተሻገረች። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ንግግር የኢትዮጵያ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

ማታ ከወዳጄ ያገኘሁትን የአንድ ፖስታ ካርድ ቅጂ አሳየሁት። ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ኢጣልያዊ ለወራሪው ጦር ከሣላቸው አንዱ ነው። ግዙፍ ወታደር የዝንብ መድኃኒት መንፊያ ይዞ በጥቃቅን ኢትዮጵያውያን ላይ ይረጫል። ልጁ ሣቀ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ፈገግ ብዬ ነበር፤ መደበቅ አያስፈልግም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. እዚሁ ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ መውረዱን፣ የካርዱ ወታደሮችም እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በዚህችው በጎንደር መቀመጣቸውን ስነግረው ግን ካርዱን ገልብጦ አስቀመጠው።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። መጽሐፍ አዘጋጆችም ሆናችሁ እናንተ ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ሥዕል ስታትሙ፣ ማን እንደ ሣለው፣ በየትኛው ጋዜጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ወጣና በዚያ ጊዜ ምን እንደ ተደረገ ከሥሩ ጻፉበት። ሁለት መስመር ይበቃል።

ልጁ መልሱን ፍቆ «ሠዓሊው ሰዎቹን ትቷቸዋል» ብሎ ጽፏል። መምህሩ ስንት እንደሚሰጠው ገና አልሰማንም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጎንደር