የክረምት ዕረፍትና የዘመድ ጎተራ



የሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሲያልፍ በእኛ በጎፋ ሰፈር በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ልጆቹን ለክረምቱ ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚል ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ግቢው ጠባብ፣ መንገዱም የመኪና ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸው እርሻና ወንዝ፣ ላምና በግ እንዲያዩ ወደ ተወለዱበት አገር ይዘዋቸው ለመሄድ ያስባሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት «በዚያ የማንን እንበላለን?» ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።

ክረምት በከተማ የዕረፍት፣ በገጠር ግን የድካምና የእጥረት ወራት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደው እህል በሐምሌና በነሐሴ ከጎተራው ሥር ይደርሳል፤ ከዚያም ላይ ዘሩ ተቀንሷል። አባወራው ሲዘራ፣ እማወራዪቱ ስታርም ይውላሉ። በበጋ የደረቀው ኩበት እንኳ እስከ መስከረም እንዲያደርስ በቁጥር ይነድዳል። እንግዲህ ባዶ እጃችንን ስንደርስ የምንበላው ከተረፈው ሳይሆን ከጎደለው ነው።

ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ በድዬ ስለ ተማርሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 4 ልጆቻችንን ይዘን በሱሉልታና በጫንጮ በኩል ወደ ሰላሌ፣ ወደ አክስቴ ቤት ሄድን። 2 ኪሎ ስኳርና 1 ኪሎ ቡና ሰጥተን 8 ቀን ተቀመጥን። በደረስንበት ዕለት አክስቴ በግ አሳረዱ። «እትዬ፣ ምነው ይህን ያህል ተቸገሩ?» ብላቸው፣ «ዝም በል ልጄ፤ እንግዳ የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። በጉ ለማዳበሪያ ዕዳ ሊሸጥ የተቀመጠ እንደ ነበረ የሰማሁት በመስከረም ከልጃቸው አፍ ነው። እርሳቸው እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ነቢዩ ኤልያስ በሰራፕታ የመበለቲቱን የመጨረሻ ዱቄት በላ፤ ዳሩ ግን በእግዚአብሔር ቃል ማድጋዋ አልጎደለም። እኛ የኤልያስ ጸሎት የለንም፤ ያለን ጆንያ ነው። ስለዚህ ጆንያውን እንሙላ።

በአውሮፓ የገጠር ቤት ተከራይቶ፣ ምግቡን ራሱ እያበሰለ የሚያርፍ ከተሜ ብዙ ነው። ለእኛም ልማዱ እንግዳ አይደለም። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ዝቋላ ለሱባኤ የሚወጣው ምእመን በሶውንና ቆሎውን ተሸክሞ ይሄዳል። ወደ ዘመድ ቤት ስንሄድም እንዲሁ እናድርግ።

ዛሬ በእኛ ቤት ለ6 ነፍስ ለ1 ሳምንት የምንይዘው 15 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ 3 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ ምስር፣ 2 ሊትር ዘይት፣ በርበሬና ጨው፣ ለመንገድም በሶና ድርቆሽ ነው። የሰውን ኩበት እንዳንጨርስ ከሰልና ምድጃ እንጨምራለን፤ ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ሲነድ ሳይታወቅ ይገድላልና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋቢና ብርድ ልብስም አይረሳ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያው ካሉ ዘመዶች አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የግድ ነው።

የሚከብደው ስንቁን መያዙ ሳይሆን አሰጣጡ ነው። በባላገር ቤት እንግዳ ለብቻው ምጣድ ቢጥድ ለባለቤቶቹ ውርደት ነው። ስለዚህ ስንቁን በመጀመሪያው ምሽት ለእማወራዪቱ አስረክበን፣ ከአንድ መሶብ እንብላ። ልጆቻችንም ውሃ ይቅዱ፤ በአረሙም ያግዙ።

ባለፈው ዓመት በንግሡ ዕለት በቅዱስ ገብርኤል ስም ለይተን ያስቀመጥነውን ጆንያ ይዘን ሄድን። አክስቴ ሲያዩት ተቆጡ፤ «እትዬ፣ የገብርኤል በረከት ነው» ስላቸው ግን ተሳልመው ተቀበሉ። በዚያ ሳምንት በግ አልታረደም፤ ማዕዱም ከቀድሞው ይልቅ ጣፈጠን።

እግዚአብሔር የባላገሩን አዝመራ ይባርክልን፤ እኛንም ሸክም የማንሆን እንግዶች ያድርገን፤ አሜን።