ያልሰማ ልጅ እንዴት ያነባል?



ፊደል ስትቆጥሩ መጀመሪያ ያነበባችሁትን ቃል አስታውሱ። «ላም» ይሆናል፤ ወይም «በሬ»። «ላ» እና «ም» ተጋጥመው ላም ሲሆኑ ደስ ብሏችሁ ይሆናል። ነገር ግን ላም የሚለውን ቃል ያስተማራችሁ መምህሩ አይደለም። ቃሉ ከልጅነታችሁ ጀምሮ በአፋችሁ ነበር። እናታችሁ «ላሟን አስገባ» ስትል ሰምታችኋል። ጎድሎ የነበረው ፊደሉ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማ ልጅ አስቡ። ላሟን ያያል። ወተቷን ይጠጣል። ስሟን ግን ሰምቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት ገብቶ «ላም» ተብሎ ቢጻፍለት ጭረት ያያል እንጂ ላሟ አትታየውም። ከሰሌዳው ይገለብጣል። ጽሕፈቱም ያምራል። ምን እንደጻፈ ግን አያውቅም። ሰዎች ይህን አይተው «አእምሮው ደካማ ነው» ይላሉ። አእምሮው ደህና ነው። የጎደለው ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከፊደል በፊት ስለሚመጣው ነገር ነው።

ሕፃን አፉን የሚፈታው በአንድ ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወራት ሙሉ ሲያዳምጥ ይቆያል። ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ባለሙያዎች 150 የመስማት ችግር ያለባቸው ልጆችን አወዳድረው ውጤቱን አሳተሙ። የ72ቱ ችግር የታወቀው እስከ 6 ወራቸው ድረስ ነበር። የ78ቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የታወቀላቸው ልጆች በቋንቋ በልጠው ተገኙ። ቤተሰባቸው ቶሎ ስላወቀ እርዳታውም ቶሎ ደረሰላቸው።

በገጠር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶት አይናገርም። «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይባላል። ሦስት ዓመት ይሆነዋል። «ምላሱ ታስሮ ነው» ይባላል። ከዚያ «ዲዳ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ከብት ጥበቃ ይላካል። የዚህ ልጅ ምላስ ምንም አልሆነም። ያልሰማውን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገር?

ልጅ መስማቱን በቤት መሞከር ይቻላል። ሕፃን በድንገተኛ ትልቅ ድምፅ መደንገጥ አለበት። ግማሽ ዓመት ሲሞላው ድምፅ ወደ መጣበት ፊቱን ማዞር አለበት። ስትሞክሩ ከኋላው ሁኑ። ጥላችሁን አይይ። መሬቱንም አትርገጡ፤ የማይሰማ ልጅ ንዝረቱን በእግሩ ያውቃል። ጣሳ አንኳኩ፤ ስሙን ጥሩ። አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይስቃል፤ ድምፅም ያወጣል። በኋላ ግን ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። ከተጠራጠራችሁ «ይድናል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ጤና ጣቢያውን ግን አይተው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ከ100 እጅ 60 የሚሆነውን መከላከል ይቻላል። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍ ጆሮ ያደነቁራሉ። ስለዚህ የኩፍኝን ክትባት በ9 ወሩና በ15 ወሩ አስወጉት። ጆሮው መግል ከያዘ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ አታፍሱበት። እንጨትም አታስገቡ። ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዛችሁ መግሉን በቀን ሦስት ጊዜ አድርቁ፤ ሐኪም ዘንድም አድርሱት።

የልጁ ጆሮ ካልዳነስ? ቋንቋ በጆሮ ብቻ አይገባም። በዓይንም ይገባል። ጥቂት የሚሰማ ልጅ የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል። መሣሪያው ኖረም አልኖረም፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ አናግሩት። ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይውደቅ። በእጃችሁም ንገሩት። ለወተት አንድ ምልክት፣ ለአባት ሌላ ምልክት አውጡ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ ይጠቀም። ለእሱም የራሱ የስም ምልክት ይኑረው። «ምልክት ከለመደ አይናገርም» የሚሉ አሉ። ምልክት ምላስ አያስርም።

የቤት ምልክት ግን ብቻውን አይበቃም። ስለ ትናንትና ስለ ነገ፣ ስለ ምክንያትና ስለ ሕልም ለመጨዋወት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ያስፈልጋል። ይህ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። የጣት ፊደልም አለው። እናንተ ሀሁ ስለምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ሲባል የእጁ ቅርጽ አንድ ነው፤ ሰባቱን የሚለያያቸው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ልክ በወረቀት ላይ ለ እግር ወይም ቀለበት እያወጣ እንደሚለዋወጠው ነው።

እንግዲህ ማንበብ የቻለ ወላጅ ብዙ ሊሠራ ይችላል። በበሩ ላይ በከሰል «በር» ብላችሁ ጻፉ። በእንስራው አጠገብ «ውሃ» ብላችሁ ለጥፉ። ልጁ ውሃ ሲፈልግ ምልክቱን አሳዩት፤ ጽሑፉን ጠቁሙለት፤ ከዚያ ስጡት።

ይህን ጋዜጣ ስታነቡ አጠገባችሁ ሳይሆን ፊት ለፊታችሁ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይቸኩላል። የሚሰማ ልጅ ሥዕሉን እያየ ወሬውን ይሰማል። የማይሰማ ልጅ ግን ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ሳለ እጃችሁን አያይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሉን ይይ። ጠብቁት። ቀና ሲል በምልክት ንገሩት። ከዚያ ቃሉን በጣት አሳዩት። አንድ ገጽ ረጅም ጊዜ ቢወስድ ምንም አይደለም። መስማት የተሳናቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስነብቡት እንዲሁ እየጠበቁ ነው።

ትምህርት ቤት ለማስገባት ሰባት ዓመት እስኪሞላው አትቆዩ። በሆሳዕናና በአዲስ አበባ መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአንዳንድ መደበኛ ትምህርት ቤቶችም ልዩ ክፍል አለ። በወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአካባቢው መስማት የተሳነው፣ ምልክት ቋንቋ የተማረ ጎልማሳ ካለም ወደ ቤታችሁ ጥሩት። ልጁ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲያይ፣ እናንተም ከእሱ ትማራላችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጆሮ ለምን እንደሚመግል እንጽፋለን።