በግል ትምህርት ቤት የመምህሩን መደብ የሚፈቅደው ማን ነው?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ትምህርት ቤት ለማቋቋም በተመካከሩ ጊዜ፥ «ቤቱን እኛ እንሠራለን፤ የመምህራኑን ደመወዝ ግን መንግሥት ይክፈል» የሚል አሳብ መነሣቱ አይቀርም። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ወላጅም ለወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ አጥሮታል። ነገር ግን ደመወዝ የሚከፍል ወገን ሁሉ ስንት ሰው እንደሚቀጠር መቊጠሩ የታወቀ ነው፤ ክርክርም የሚወለደው ከዚሁ ነው።

ይህን ነገር አብዝታ የፈተነችው አገር ሕንድ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አባቶቻችንን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የመጡባት ኬረላ፥ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ረቂቅ፥ መንግሥት በሚረዳቸው የግል ትምህርት ቤቶች የመምህሩን ደመወዝ መንግሥት በቀጥታ እንዲከፍል ወሰነች። ረቂቁ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1958 አስተያየት ከሰጠበት በኋላ በ1959 በሥራ ላይ ዋለ።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ባለቤቱ መምህሩን ይቀጥራል፤ የትምህርት ሹሙ ቅጥሩን ያጸድቃል፤ ሳይጸድቅ ደመወዝ የለም። የመደቡ ቊጥር የሚወሰነው ትምህርት በተከፈተ በ6ኛው የሥራ ቀን በሚደረገው የተማሪ ቈጠራ ነው። በዚያ ቀን ጥቂት ልጆች ቢጐድሉ አንድ ክፍል ይታጠፋል፤ መምህሩም መደብ ያጣል። ባለቤቱ «ቀጥሬዋለሁ» ሲል ሹሙ «መደቡን አልፈቀድሁም» ይላል፤ መምህሩ በመካከል ያለ ደመወዝ እያስተማረ ከፍርድ ቤት ይመላለሳል። (ለቅጥር ገንዘብ የሚቀበሉ ባለቤቶች መኖራቸውም በዚያ አገር ሲወራ የኖረ ነው፤ እንዲህ ያለውን ንግድ ከእኛ ያርቅልን።)

በኡታር ፕራዴሽ ደግሞ መንግሥት በሚረዳቸው ትምህርት ቤቶች ተላላኪውና የመሳሰለው ዝቅተኛ ሠራተኛ በቋሚ መደብ መቀጠሩ ቀርቶ በሥራ ተቋራጭ በኩል እንዲቀርብ ተደነገገ። ትምህርት ቤቶቹ ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021፥ ርዳታ ማግኘት መሠረታዊ መብት አይደለም፤ የተቀበለውም ከነግዴታው መቀበል አለበት ሲል ፈረደባቸው።

በአገራችን የግል ትምህርት ቤት መምህር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 የሚዳኝ ሠራተኛ ነው። ተማሪ አንሶ መምህሩ ቢሰናበት፥ ስለ ማስጠንቀቂያውና ስለ ስንብት ክፍያው የሚጠየቀው የቀጠረው አሠሪ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «እናግዛችኋለን» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ፥ ደብዳቤው አሠሪውን ከዚህ ዕዳ አያወጣውም። ሸቀጥ ሲረከብ እያንዳንዱን ኬሻ ቈጥሮ የሚፈርም ነጋዴ፥ በዚህ ጊዜ ብቻ ሳይቈጥር መፈረሙ ያስገርማል።

ስለዚህ ርዳታው ከመጠየቁ አስቀድሞ፥ የሚፈቀደው መደብ ስንት እንደሆነ፥ ተማሪ ቢያንስ ክፍያው እስከ ስንት ወር እንደሚቀጥል በውል ይጻፍ። የቈጠራው ነገር በተለይ ይታሰብበት። በእኛ አውራጃ በመስከረም የተመዘገበ ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ አጨዳ ላይ ይውላል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ከቤቱ አይወጣም። እንደ ኬረላው በአንድ ቀን ብቻ ከተቈጠረ ወይ መንግሥት ያለ አግባብ ይከፍላል፥ ወይ መምህሩ ያለ አግባብ ይባረራል፤ የበርካታ ወራት ቈጠራ አማካይ ቢያዝ ይሻላል። ይህ ውል እስኪፈረም ድረስ ባለአክሲዮኖቹ የ1 ዓመት ደመወዝ በባንክ ለብቻው አስቀምጠው ቢቀጥሩ እንጂ፥ በተስፋ ደብዳቤ መምህር ከደብረ ማርቆስ ባያስመጡ መልካም ነው።