ጦስኝ ከነሥሩ አይነቀል



ቆላ ድባ ገበያ የገዛነውን የጦስኝ እስር ገልበጥ አድርገን ብናየው፣ አንዳንዱ ከነሥሩ የተነቀለ ሆኖ እናገኘዋለን። ለጥቂት ስኒ ሻይ ሲባል ለዓመታት ሊቀነጠስ የሚችል ተክል ጠፋ ማለት ነው።

በአውሮፓ የግቢያቸውን ባዶ መሬት ዝቅ ብሎ በሚሳብ የዱር እንጆሪ የሚያለብሱ ሰዎች አሉ። የእኛ አገር የዱር እንጆሪ ግን እሾሃማ ቁጥቋጦ ስለሆነ ለአጥር እንጂ ለዚህ አይመችም። ምድር ላይ ተነጥፎ አፈር የሚይዝ፣ ለምግብም የሚሆን የአገራችን ተክል ጦስኝ ነው። አንደኛው ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ከኖረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከዊልሄልም ሺምፐር ነው።

ጦስኝ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝና በባሌ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ በተፈጥሮ ይበቅላል። የእኛ ደምቢያ ከዚያ ዝቅ ትላለች፤ የሜዳዋ ዋልካ አፈርም ክረምት ውኃ ይቋጥራል። ጦስኝን ደግሞ ከድርቁ ይልቅ የሚጎዳው ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ ከቤታችን ጥግ ድንጋይ ደርድረን፣ አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ቀላቅለን፣ ከፍ ያለ መደብ እናዘጋጅ፤ በጥቂት ችግኝም እንጀምር።

ከነሥሩ የተገዛውን ሳይደርቅ መትከል ይቻላል። ሥር ከሌለው፣ ያላበበ ለጋ ቅርንጫፍ በጣት ርዝመት ቆርጠን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ ግማሹን አፈር ውስጥ እንቅበር። አንድ ወር ያህል በጥላ ሥር እርጥበቱ ሳይለየው ከቆየና ሥር ከያዘ በኋላ፣ ፀሐይ ወዳለበት መደብ በስንዝር ርቀት ይዛወራል። ሲያድግ የሚሳበውን ቅርንጫፍ አፈር ብናለብሰው እዚያው ሥር ያወጣል፤ ባዶው ቦታም ቀስ በቀስ ይሸፈናል።

ስንለቅም ለጋ ጫፉን ብቻ በመቀስ እንቁረጥ፤ እንጨት የሆነውን ክፍል አንንካ። በጥላ የደረቀው ለሻይም ለወጥ ቅመምም ይሆናል። ለጉንፋን መጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው፤ የሕፃን ሳል ከበረታ ግን ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ገበያ ሻጯን እናታችንን፣ «ቆርጠው ያምጡልን እንጂ ከነሥሩ አይንቀሉት» እንበላቸው። የእርሳቸውም እንጀራ የሚዘልቀው ጦስኙ ተራራው ላይ ሲቀር ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ኢንሻአላህ፣ ደኅና ሁኑ።